እሱ ኳሷን ያያል፣ እሷ የሚያዩዋትን ታያለች

ጁላይ 31 ቀን 2022 ዌምብሌይ ከአፍ እስከ ገደፉ ጢም ብሏል። 87 ሺህ 192 ተመልካች! በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ታሪክ፣ የወንዶቹም ተቆጥሮ፣ እስከዚያን ቀን ይህን ያህል ሕዝብ ስታዲየም ገብቶ አያውቅም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዝና ጀርመን 1ለ1 ሆነው ጭማሪው ሰዓት እየተገባደደ ነው። በ110ኛው ደቂቃ ከማዕዘን የተሻማችው ኳስ ግብ አፋፍ ላይ ስትንገዋለል፣ ተቀይራ የገባችው ክሎይ ኬሊ በሁለተኛው ሙከራዋ በእግሯ ጫፍ ገፋ አድርጋ መረብ ውስጥ ከተተቻት።

ኬሊ ወዲያው አልጨፈረችም። ጎሉ መጽደቁን ለማረጋገጥ ዞር ብላ አየች። ከዚያማ ማን ይያዛት! ማልያዋን አውልቃ እንደ ባንዲራ እያውለበለበች፣ በስፖርት ጡት ማስያዣ ብቻ ሜዳውን በሩጫ ሰነጠቀችው። ዳኛዋ ቢጫ ካርድ መዘዘች። እንግሊዝም 2ለ1 አሸንፋ ከ1966 ወዲህ በዋና ብሔራዊ ቡድን ደረጃ የመጀመሪያዋን ትልቅ ዋንጫ በላች።

በማግስቱ ስለ ጎሏ የተወራውን ያህል ስለ ጡት ማስያዣዋም ተወራ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ከ23 ዓመት በፊት፣ ጁላይ 10 ቀን 1999፣ በአሜሪካ ፓሳዴና ሮዝ ቦውል ስታዲየም 90 ሺህ 185 ሰው ፊት ብራንዲ ቻስቴይን የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት ቻይና ላይ አስቆጥራ አሜሪካን የዓለም ሻምፒዮን ስታደርግ፣ ማልያዋን አውልቃ በጉልበቷ ተንበረከከች። ፎቶው በመጽሔት ሽፋን ላይ ወጥቶ ዓለምን ዞረ። ዋንጫው ቀርቶ ጡት ማስያዣው ለዓመታት መነጋገሪያ ሆነ።

ወንድ ተጫዋች ማልያውን ሲያወልቅስ? ቢጫ ካርዱን ያያል፣ አሰልጣኙ ይቆጣል፣ አለቀ። ደረቱን አይቶ ጎሉን የሚረሳ ተመልካች የለም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ ሜዳ፣ አንድ ኳስ፣ አንድ ዓይነት ደስታ ሆኖ ሳለ የሴቷ አካል «የሚታይ»፣ የወንዱ አካል ደግሞ «የሚሠራ» የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? መልሱ ዌምብሌይ ላይ አይገኝም። መልሱ ያለው 12 እና 13 ዓመት ላይ፣ ትምህርት ቤት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነው።

ሰውነትን በጥያቄ መለካት

ታዳጊዎች ስለ ገዛ ሰውነታቸው ምን እንደሚያስቡ መለካት ይቻላል። ኬኔት ፎክስና ቻርልስ ኮርቢን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1989 ለዚሁ ጉዳይ አንድ መጠይቅ አወጡ። መጠይቁ ሰውየውን በጥቅሉ «ሰውነትህን ትወደዋለህ?» ብሎ አያልፈውም። ነገሩን ይበትነዋል፦ ስፖርት ላይ ጎበዝ ነኝ ብለህ ታስባለህ ወይ? ትንፋሽህና ኮንዲሽንህስ? ጉልበትህስ? ቁመናህ ያምራል ወይ? በመጨረሻም በአጠቃላይ በሰውነትህ ትኮራለህ ወይ? መጠይቁ በኋላ ለልጆች በሚሆን መልኩ ተዘጋጅቶ በብዙ አገሮች ተሠርቶበታል።

ውጤቱ ከአገር አገር ትንሽ ይለያይ እንጂ አቅጣጫው አንድ ነው። በአብዛኛው ወንዶቹ ለራሳቸው ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ሴቶቹ ዝቅ ያለ። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ደግሞ በስፖርት ችሎታ፣ በጉልበትና በቁመና ላይ ነው። ዕድሜው ወደ ጉርምስና ሲጠጋ ክፍተቱ ይሰፋል።

እዚህ ላይ አንድ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። መጠይቁ የሚለካው ችሎታን አይደለም፣ ልጁ ስለ ችሎታው ያለውን ግምት ነው። ወንዱ ያልቻለውን «እችላለሁ» ሊል ይችላል፣ ሴቷም የምትችለውን «አልችልም» ልትል ትችላለች። በራስ ላይ ያለ ግምት ደግሞ በወረቀት ላይ አይቀርም። «አልችልም» ያለች ልጅ ኳስ አትጠይቅም፣ ኳስ ያልጠየቀች ልጅ አትለማመድም፣ ያልተለማመደች ልጅ በዓመቱ በእርግጥም አትችልም። ያኔ አሰልጣኙ «አላልኳችሁም?» ይላል።

ሌላም አለ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሱዛን ሃርተር ለብዙ ዓመታት ባደረገቻቸው ጥናቶች፣ ልጆች በጥቅሉ ለራሳቸው ከሚሰጡት ክብር ጋር ከሁሉ በላይ ተጣብቆ የተገኘው ስለ መልካቸውና ቁመናቸው ያላቸው አስተያየት ነው። ትምህርትም፣ ስፖርትም፣ ጓደኛም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት። ይህ ለወንዱም ለሴቷም ይሠራል። ስለዚህ ቁመናዋ ላይ የተሸነፈች ልጅ በሌላው ሁሉ ላይ ገና ጨዋታው ሳይጀመር 1ለ0 እየተመራች ነው።

ተፈጥሮ ለአንዱ አደላች?

በከፊል አዎ። ሴት ልጅ በፍጥነት የምታድገው በአማካይ 12 ዓመት አካባቢ ሲሆን፣ ወንዱ የሚመዘዘው 14 አካባቢ ነው። በዚህ ጊዜ የወንዱ ትከሻ ይሰፋል፣ ጡንቻው ይወጣል። ማለትም ሰውነቱ በቴሌቪዥን ወደሚያየው ተጫዋች ይቀርባል። ሴቷ ዘንድ ደግሞ ዳሌዋ ይሰፋል፣ ስብ ይጨምራል፣ ጡቷ ያጎጠጉጣል፣ የወር አበባዋ ይመጣል። ይህ ጤነኛ ዕድገት ነው። ችግሩ መጽሔቱና ፊልሙ ቆንጆ እያሉ የሚያሳይዋት ቀጫጫዋን መሆኑ ላይ ነው። ወንዱ ሲያድግ ወደ ምኞቱ ይጠጋል፣ ሴቷ ስታድግ ከተሰጣት ምኞት ትርቃለች።

ለዚህም ነው ቀድማ የምታድግ ልጅ ብዙውን ጊዜ በሰውነቷ የምትሸማቀቀው። ከክፍል ጓደኞቿ በፊት ጡት አወጣች ማለት ከሁሉ በፊት ዓይን አረፈባት ማለት ነው። ቀድሞ የሚያድግ ወንድ ግን ቡድን ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። የአንድ ዓይነት ዕድገት ሁለት ዓይነት ዋጋ!

ዓይን ሲከብድ

ተፈጥሮ ግን ሁሉንም አታስረዳም። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ አይሪስ ማሪዮን ያንግ በ1980 ባወጣችው ጽሑፍ ሴት ልጆች ኳስ ሲወረውሩ ለምን በክንዳቸው ብቻ እንደሚወረውሩ ጠይቃለች። ወንዱ ሲወረውር ወገቡ ይዞራል፣ እግሩ ይራመዳል፣ ሙሉ ሰውነቱ ኳሱን ተከትሎ ይሄዳል። ሴቷ ግን ኢላማውን እያየች እግረ መንገዷን የራሷንም አካል ትጠብቃለች። «እንዴት እታያለሁ?» የሚለው ጥያቄ ከኳሱ ጋር አብሮ ክንዷ ላይ አለ ማለት ነው።

ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ክሪስተን ሃሪሰን በ2005 ይህንኑ ፈተሹት። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 17 የሆኑ ልጃገረዶች ኳስ ባላቸው ኃይል ወደ ግድግዳ እንዲወረውሩ ተደረገ። ሰውነታቸውን ከሚሠራው ይልቅ በመልኩ የሚመዝኑት ልጆች ውርወራቸው ደካማ ሆኖ ተገኘ። ያች ልጅ ጉልበት ስላነሳት አይደለም። ግማሽ ሐሳቧ መስታወቱ ጋ ስለቀረ ነው።

ፍሬድሪክሰን ከዚያ ቀደም በ1998 ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ጥናት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዳንዶቹ የዋና ልብስ፣ አንዳንዶቹ ሹራብ ለብሰው ለየብቻቸው መስታወት ያለበት ክፍል ገቡ። ከዚያ የሒሳብ ፈተና ተሰጣቸው። የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ሴቶች ያነሰ ውጤት አመጡ። ወንዶቹ ላይ ግን ልብሱ ለውጥ አላመጣም። ልብ በሉ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚያያቸው ሰው አልነበረም! የሰው ዓይን አንዴ ጭንቅላት ውስጥ ከገባ ተመልካች አያስፈልገውም።

ያ ዓይን ከየት ይመጣል ለሚል ደግሞ የፊጂ ደሴት ምስክር ናት። እዚያ ወፈር ያለ ሰውነት ይደነቅ ነበር። ናድሮጋ በተባለው አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 ነው። አሜሪካዊቷ ሐኪምና ተመራማሪ አን ቤከር በዚያው ዓመት ስትጠይቅ፣ ለመክሳት ብላ የበላችውን አውጥታ የምታስመልስ ተማሪ አላገኘችም። በ1998 ተመልሳ ስትጠይቅ ግን 11 ነጥብ 3 በመቶዎቹ እንደሚያደርጉት ነገሯት። ሦስት ዓመት ብቻ!

እግር ኳስም እጁ አለበት

መቼም እግር ኳስ «እኔ የለሁበትም» ማለት አይችልም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በዲሴምበር 1921 ጨዋታው ለሴቶች የማይስማማ ነው ብሎ ክለቦች ሜዳቸውን እንዳይሰጧቸው ከለከለ። ይህ የሆነው ጉዲሰን ፓርክ ላይ 53 ሺህ ያህል ሰው የሴቶችን ጨዋታ ካየ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። እገዳው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ። ብራዚልም የኳስ አገር ሆና ሳለ ከ1941 እስከ 1979 ሴቶቿን ከልክላለች። ምክንያቱ ሁለቱም ጋ ተቀራራቢ ነው፦ የሴት ሰውነት ለዚህ አልተፈጠረም።

ክልከላው ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሌላ መጣ። በ2004 የወቅቱ የፊፋ ፕሬዚዳንት ሴፕ ብላተር የሴቶች እግር ኳስ ተወዳጅ እንዲሆን ተጫዋቾቹ ጠበቅ ያለ ቁምጣ ቢለብሱ የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። በ2021 የኖርዌይ የባሕር ዳርቻ የእጅ ኳስ ሴቶች የተደነገገውን ቢኪኒ ትተው እንደ ወንዶቹ ቁምጣ በመልበሳቸው 1 ሺህ 500 ዩሮ ተቀጡ። ዓለም ሲጮህ ነው ደንቡ በዚያው ዓመት የተቀየረው።

የቁምጣ ነገር ከተነሳ የነጩ ቁምጣ ጉዳይ አለ። የእንግሊዝ ሴቶች ለዓመታት በነጭ ቁምጣ ሲጫወቱ የወር አበባ ይታያል ብለው ይሳቀቁ ነበር። ድምፃቸውን አሰሙና ለ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ቁምጣቸው ሰማያዊ ሆነ። ማንቸስተር ሲቲም ለሴቶች ቡድኑ ነጭ ቁምጣ ቀርቷል አለ። በቼልሲ ደግሞ ኤማ ሃይስ በ2020 የተጫዋቾቿን ልምምድ ከወር አበባቸው ዑደት ጋር ማጣጣም ጀምራ ነበር። እንግዲህ የዓለም ኮከቦች በቁምጣ ቀለም እንዲህ ከተጨነቁ የ13 ዓመቷ ልጅ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ምን ይሰማት ይሆን?

ወንዱስ ነፃ ነው?

አይደለም። የወንዱ ሕመም ሌላ ነው እንጂ አለ። ሴቷ «በዛሁ» ስትል ወንዱ «አነስኩ» ይላል። አንድ የ13 ዓመት ቡድን ውስጥ በልደት እኩያ የሆኑ ሁለት ልጆች በአካል ዕድገት የአራትና የአምስት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ ጢም እያቀመቀመ ነው፣ ሌላው ገና ሕፃን ነው። አሰልጣኙም ዋንጫ ይፈልጋልና ጢሙን ይመርጣል።

ሃሪ ኬን በስምንት ዓመቱ መድፈኞቹ ጋ ነበር፣ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ተሸኘ። የአርሰናል ታዳጊዎች ኃላፊ የነበረው ሊያም ብራዲ በኋላ ልጁ ትንሽ ድንቡሽቡሽ ያለና የስፖርተኛ አቋም ያልነበረው እንደነበር ተናግሯል። ያ ድንቡሽቡሽ ልጅ በ2023 የቶተንሃምም የእንግሊዝም የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነ። ጄሚ ቫርዲን ሼፊልድ ዌንስዴይ በ16 ዓመቱ አጭር ነህ ብሎ አባረረው፣ በ2016 ከሌስተር ጋር ፕሪሚየር ሊጉን በላ። ሉካ ሞድሪችን ሃይዱክ ስፕሊት ቀጭንና ደቃቃ ነው ብሎ ሳይወስደው ቀረ። ሜሲ ደግሞ የዕድገት ሆርሞን እጥረት ነበረበት፣ በ13 ዓመቱ ባርሴሎና ሄዶ ነው ሕክምናውን የጨረሰው።

እነዚህ ተሳክቶላቸው ስማቸው ተጠራ። «አጭር ነህ» ተብለው ጫማቸውን የሰቀሉትን ማንም አይቆጥራቸውም። ወንድ ልጅ ደግሞ ስለ ሰውነቱ አይናገርም፣ ቢናገር ይሳቅበታል። ዝም ብሎ ጂም ይገባል። ሃሪሰን ፖፕ የተባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያጠኑት ይህንን ነው፦ ጡንቻቸው አብጦ እያለ መስታወት ፊት ሲቆሙ ራሳቸውን ሚጢጢ አድርገው የሚያዩ ወንዶችን።

ለትንንሾቹ አንድ መፍትሔ ተገኝቷል። የፕሪሚየር ሊግ አካዳሚዎች ከ2010ሮቹ አጋማሽ ወዲህ ልጆችን አንዳንድ ጊዜ በልደት ዓመት ሳይሆን በአካል ዕድገት ደረጃ መድበው ያጫውታሉ። ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ በትከሻ ሳይገፈተር ኳስ የመያዝ ዕድል ያገኛል። ጉልበተኛውም በጉልበት ብቻ ማለፍ እንደማይቻል ይማራል።

ዋጋው ስንት ነው?

ዋጋው ሜዳውን ለቅቆ መሄድ ነው። «ውሜን ኢን ስፖርት» የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ2022 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በአንድ ወቅት «ስፖርተኛ ነኝ» ይሉ ከነበሩ ልጃገረዶች 43 በመቶዎቹ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ ከስፖርት ርቀዋል። ወንዶቹ ላይ ቁጥሩ 24 በመቶ ነው። ሴቶቹ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት ነው። እነዚህ ልጆች ኳስ ጠልተው አልሄዱም። መታየት ከብዷቸው ነው።

ይህ የእንግሊዝ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡትና 146 አገሮችን ባካተተው ጥናት፣ በ2016 ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ከሆኑ ታዳጊዎች ውስጥ በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉት ወንዶች 78 በመቶ፣ ሴቶች ደግሞ 85 በመቶ ነበሩ።

ወደ ሰፈር ስንመለስ

እኛ ጋስ? እዚህ አገር የሴት ልጅ እግር ወርቅ እንደሚያመጣ ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ አሳይታለች። ከዚያ ወዲህ በሴት ሯጭ የማይኮራ ኢትዮጵያዊ የለም። ሉሲዎቹም በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥተዋል። ሎዛ አበራ በ2019 ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ ጎል አዝንባለች።

ሰፈር ውስጥ ግን ሌላ ነው። ኳስ የምታንከባልል ልጅ «ወንዳወንድ» ትባላለች። «ባትሽ የወንድ ይሆናል»፣ «ማን ያገባሻል?» የሚል አይጠፋም። ሰላምታችን ራሱ «ምነው ወፈርሽ?»፣ «ምነው ከሳህ?» ነው። ተናጋሪው በቅንነት ብሎት ይረሳዋል። ሰሚዋ 13 ዓመቷ ከሆነ ግን አትረሳውም፣ ማታ መስታወት ፊት ይዛው ትቆማለች። ሉሲዎቹ ሲያሸንፉ የሚያጨበጭበው ሰፈር ነው የነገዋን ሉሲ በር ላይ የሚመልሳት።

መድኃኒቱ ሚሊዮን ዶላር አይጠይቅም። የሚዘጋ ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ ጠቆር ያለና ሰፋ ያለ ቁምጣ፣ ልክ የሆነ ጡት ማስያዣ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአሰልጣኙ አፍ። «ቀጠን በይ» እና «ኳሷን ቀድመሽ ያዥ» የሚሉት ሁለት ትእዛዞች ልጅቷን ወደተለያየ ቦታ ነው የሚወስዷት። አንዱ ወደ መስታወት፣ አንዱ ወደ ሜዳ። ለወንዱም «አጭር ነህ» ከሚለው ይልቅ «ገና ታድጋለህ፣ እስከዚያ ንክኪህን አስተካክል» የሚለው ይሻላል።

ኬሊና ጓደኞቿ ዋንጫውን ባነሱ በሳምንቱ ውስጥ የሠሩትን ሥራ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን ለሚፎካከሩት ሁለት ፖለቲከኞች ደብዳቤ ጻፉ። በትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ እግር ኳስ መጫወት የሚችሉት ልጃገረዶች 63 በመቶ ብቻ ናቸውና ሁሉም ይፈቀድላቸው አሉ። መንግሥትም በማርች 2023 ለሴትና ለወንድ እኩል ዕድል እንዲሰጥ እንደሚያደርግ አስታወቀ።

ያን ቀን ኬሊ ማልያዋን ስታወልቅ ስለሚያዩዋት 87 ሺህ ሰዎች ያሰበች አይመስልም። ያየችው ጎሉን ብቻ ነው። የ13 ዓመቷም ልጅ የምትፈልገው ይህንኑ ነው፦ ለ90 ደቂቃ እንኳ ከኳሷ በቀር ምንም ሳታይ መጫወት።